ሦስት ቦታ ሳታዩት ፓተርን አትበሉት

ውድ የሙያ ታናናሾቼ፣

ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከእናንተ ጋር ስሠራ «አዲስ ፓተርን ፈጠርኩ» የሚል ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ። ደስታው ይገባኛል፤ እኔም ብዬው አውቃለሁ። ግን ፓተርን፣ ማለትም ለሚደጋገም ችግር ሠርቶ የታየ የመፍትሔ አሠራር፣ አይፈጠርም፣ ይገኛል።

የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ችግር ይገጥማቸዋል። እየወደቁ እየተነሱ ተቀራራቢ መፍትሔ ላይ ይደርሳሉ። ያኔ አንድ አስተዋይ ሰው መጥቶ «ይሄኮ ያኛው ቤትም ያየሁት ነው» ይልና ስም ያወጣለታል። ኤሪክ ጋማ፣ ሪቻርድ ሄልም፣ ራልፍ ጆንሰንና ጆን ቭሊሲደስ በ1994 እ.ኤ.አ. 23 የሶፍትዌር ፓተርኖችን በመጽሐፍ ሲያወጡ ይህንኑ በግልጽ ተናግረዋል። አንዱም አዲስ ወይም ያልተፈተነ ዲዛይን አይደለም፤ በተለያዩ ሲስተሞች ከአንዴ በላይ የሠራውን ብቻ ነው የሰበሰቡት። ኦብዘርቨርን (አንዱ የፕሮግራም ክፍል ሲቀየር ሌሎቹ እንዲያውቁ የሚያደርገውን) ብትወስዱ፣ መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ስሞልቶክ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በሚጽፉ ፕሮግራመሮች እጅ ላይ ነበር።

በሙያችን «ሦስት ጊዜ» የሚባል ልማድ አለ። ሦስት ቦታ ሲሠራ ካላያችሁት ፓተርን ብላችሁ አትጻፉት ማለት ነው። እኔ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፦ ሦስቱንም የጻፈው አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ የሰውየው አመል ነው።

መደጋገም ብቻውንም አያጸድቅም። መጥፎ ልማድም ይደጋገማል። ሲንግልተንን (አንድ ነገር በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ብቻ እንዲኖር የሚያደርገውን) በየኮዱ ታገኙታላችሁ፤ ከ23ቱም አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ለሁሉ የተከፈተ ግሎባል ዳታን በሌላ ስም መደበቂያ ሆኖ ቴስት መጻፍን ሲያስቸግር ነው ያየሁት። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ለምን ይሠራል?» ነው። ለዚህ መልስ ከሌላችሁ በእጃችሁ ያለው ቆጠራ ብቻ ነው።

ይህን አጠያየቅ የተማርኩት ከአርክቴክት ነው። ክሪስቶፈር አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ በ1977 እ.ኤ.አ. ስለ ከተማና ስለ ቤት አሠራር 253 ፓተርኖችን አሳተሙ። አንዱ ስለ በረንዳ ነው። ጥልቀቱ ከስድስት ጫማ፣ ማለትም ከ1.8 ሜትር ገደማ ካነሰ ሰው አይቀመጥበትም ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጥቂት ሰዎች በትንሽ ጠረጴዛ ዙሪያ እግራቸውን ዘርግተው ለመቀመጥ ቦታው አይበቃም። ማንም ሜትር ይዞ ሄዶ ሊፈትሸው ይችላል። ልክ ካልሆነም ልክ አለመሆኑ ይታወቃል። ለእኔ ዕውቀት የሚባለው እንዲህ ራሱን ለፍተሻ የሚሰጥ ነገር ነው።

ከዚያ ሥራ አጥብቄ የምወደው ደግሞ ኮከቦቹን ነው። በጣም ያመኑበት ፓተርን ሁለት ኮከብ ይደረግለታል፤ ገና የሚቀረው አንድ። ያልተማመኑበት ምንም የለውም፣ ግን አብሮ ታትሟል። የምታውቁትን ከምትገምቱት ለይታችሁ መጻፍ ከዚህ በላይ እንዴት ይማራል!

እኔ ይህ ሳይገባኝ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። በአንድ ፕሮጀክት የዳታቤዙን ጫና የቀነሰልንን የካሽ አሠራር (የዳታውን ቅጂ በቅርብ አስቀምጦ ደጋግሞ መጠቀም) የቡድኖቹ ሁሉ መመሪያ አድርጌ ጻፍኩት። አሠራሩን በዝርዝር አስቀመጥኩ። ዳታው በቀን አንዴ ብቻ የሚቀየር ስለነበር እንደሠራ ግን አልጻፍኩም፤ እኔም ልብ አላልኩትም ነበር። ሌላ ቡድን በየሰከንዱ ለሚቀየር ዳታ ተጠቀመበት። ተጠቃሚዎቹ የቆየ መረጃ እያዩ ሲወስኑ ከረሙ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እነሱ የጻፍኩትን ነው ያመኑት። ከዚያ ወዲህ «መቼ አይሠራም?» የሚለው ክፍል ባዶ የሆነ ረቂቅ አልቀበልም።

ረቂቃችሁንም ለሌሎች ስጡና ሲወያዩበት ዝም በሉ። የፓተርን ጸሐፊዎች ጉባኤዎች ላይ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ጸሐፊው ተቀምጦ ይሰማል እንጂ አይከራከርም። ይከብዳል። ግን እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ ካላብራራችሁት የማይገባ ጽሑፍ፣ ነገ እናንተ በሌላችሁበት ማንን ይረዳል?

ባለፈው ሳምንት አንዳችሁ የላካችሁልኝን ረቂቅ ሁለቴ አነበብኩት። ረቂቁ ወደ ሌላ ሲስተም ተልኮ ሳይሳካ የቀረ ጥያቄን መልሶ ስለ መሞከር ነው። በአንድ የድሮ ኮድ ውስጥ ተመሳሳዩን አግኝቻለሁ፤ ከአንተው ጋር ሁለት ሆነ። ሦስተኛውን እየፈለግኩ ነው። እስከዚያው ያለ ኮከብ አስቀምጠው።