ለላንድክሩዘር 60 የ80 ዲፈረንሻል፣ ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ «የ86 ሞዴል 60 አለችኝ፣ የ80 የኋላ ዲፈረንሻል ሙሉውን እዚህ አዳማ አግኝቻለሁ፣ ዝም ብሎ ይገባል ወይ» ላልከው፣ ይገባል፣ ዝም ብሎ ግን አይገባም (80 ከ60 በኋላ የመጣችው ላንድክሩዘር ናት፣ ዲፈረንሻል ሙሉውን ማለት ደግሞ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው ከነቱቦው ነው)። እኔ የምነዳት 60 ከኋላዋ 80 ናት፣ ስለዚህ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው የምነግርህ። ቡሎን አፈታት አላስተምርህም፣ እሱን ታውቀዋለህ።

1. ሬሾ!! ብር ሳትከፍል። (ጎማው አንዴ ሲዞር ካርዳኑ፣ ጉልበት ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያመጣው ዘንግ፣ ስንት እንደሚዞር ማለት ነው።) ሻጩ «ቶዮታ እኮ ሁሉም አንድ ነው» ይልሃል፣ እኔንም ሻይ ጋብዞ ብሎኛል። 60ው 3.70 የሆነ አለ፣ 4.11 የሆነም አለ። 80ው ደግሞ 4.10 የሆነ ብዙ አለ። 4.11 ከ4.10 ጋር ተቻችሎ ይኖራል። ከፊት 3.70 ከኋላ 4.10 ከሆነ ግን ጎማው 10 ሲዞር የፊቱ ካርዳን 37 ይዞራል የኋላው 41፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ትራንስፈር ደግሞ ፎር ዊል ስታስገባ ሁለቱን እኩል ነው የሚያዞራቸው፣ እንግዲህ ወይ ጎማ ይንሸራተታል ወይ የሆነ ነገር ይሰበራል። በሁለት ጎማ ስትነዳ ምንም ስለማይታወቅህ ነው ሰው የሚሸወደው። አንድ የማውቀው ልጅ ጭቃ ላይ አስገብቶ ደረቅ ላይ ሲወጣ ማርሹ አልወጣ ብሎት ወደኋላ እየነዳ ነው ያላቀቀው።

እኔ ሻጩን አላመንኩም። ዲፈረንሻሉ መሬት ላይ እንደተጋደመ አንዱን ሀብ (ጎማ የሚታሰርበትን) ልጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘልኝ፣ ሌላው ሀብ ላይና ካርዳን የሚታሰርበት ፍላንጅ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ፣ ከዛ ሀብዋን በእጄ 20 ዙር ማዞር። ፍላንጁ 41 ካለ 4.10 ነው፣ 37 ካለ 3.70። (አንዱ ተይዞ ሌላው ብቻ ሲዞር ግማሽ ነው የሚቆጠረው፣ ለዛ ነው 20 ያልኩህ።) ሻጩ ቆሞ ይስቅብኝ ነበር፣ 41 ላይ ስንደርስ ግን እሱም አብሮኝ እየቆጠረ ነበር። የራስህን የፊቱንም አንድ ጎማ በክሪክ አንስተህ በዚሁ መንገድ ቁጠር።

2. ብየዳ። የኔ ገንዘብ እዚህ ነው የተበላው። 60 ባሌስትራ (ተደራራቢ ጠፍጣፋ ብረት) ነው 80 ሞላ (ጥምዝ ብረት)፣ ስለዚህ የ80ው ማሰሪያ ሁሉ ተቆርጦ የባሌስትራ መቀመጫ ይበየዳል። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ ዋናው ሜካኒክ «ጋሼ እኛ ስንት ሰርተናል» አለና መኪናዋ ክሪክ ላይ እንደተንጠለጠለች በዓይኑ ገምቶ በየደው። ስትወርድ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ካርዳኑ የሚታሰርበት) ወደ መሬት አጎንብሷል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ስትደርስ መሪው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቼራ (የካርዳኑን መገጣጠሚያ) ቀየርን፣ ጎማ ባላንስ አሰራን፣ ወይ ፍንክች። እሱ ጭራሽ «ጎማህ ነው» ብሎ ጎማ ሊያስገዛኝ!! ሌላ ቦታ ወስጄ ተቆርጦ እንደገና ተበየደ፣ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ ማለት ነው፣ የመጀመሪያው አንድ ብር አልመለሰም። አንተ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ክብደቷ ባሌስትራው ላይ ካረፈ በኋላ ነጥብ ነጥብ ብቻ ያስይዙልህ፣ ፍላንጁ ከትራንስፈሩ መውጫ ፍላንጅ ጋር ትይዩ መሆኑን ለካ፣ ከዛ ነው ሙሉ ብየዳ። እሱንም እያፈራረቁ፣ በአንዴ ካነደዱት ቱቦው ይጣመምና ኩሽኔታና ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደውን ላስቲክ) ስትቀይር ትኖራለህ።

ፍሬንም አለ፣ ረስቼው። የድሮው ታምቡር ከሆነና የ80ው ዲስክ ከሆነ ማስተሩን (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን) እና ለኋላ ግፊት የሚመጥነውን ቫልቭ ሳታስተካክል ቱቦ ብቻ አገናኝተህ እንዳትወጣ፣ ከኢተያ ወደ ዴራ ስትወርድ ነው የምታውቀው። የእጅ ፍሬን ኬብሉም አይገጥምም፣ አሰርተህ ነው።

3. ቦሎ። 80ው ሰፊ ስለሆነ የኋላ ጎማ ትንሽ ወደ ውጭ ይወጣል። መርማሪው ገና ሳያያት «ይሄ ምንድነው፣ ትራክተር ነው?» ብሎ ወረቀቴን ወረወረልኝ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ነው ሁለቱም አልተነኩም ብለው ማን ይስማህ። የጭቃ መከላከያ ላስቲክ አስለጥፌ በሌላ ቀን ሌላ ሰው ጋ አለፈች። አንተ ላስቲኩን ቀድመህ አስለጥፍ።

ዋጋውን እዚህ አትጻፍ፣ ሻጩም ግሩፑ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የፊቱ ስንት እንደቆጠረ ግን ጻፍልኝና 3.70 ከሆነ ከኋላው ጋር እንዲስማማ የፊቱን ኮሮና (ሬሾውን የሚወስነውን ጥርስ) ከየት እንደምታገኝ እነግርሃለሁ።