ፓይተን ይዤ ወደ ድራይቨር ደኅንነት መግባት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «የኮምፒውተር ሳይንስ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፓይተን እችላለሁ፤ ሁለት የሳይበር ሰርተፍኬትም አለኝ። አንድ ተራ አፕ በግራፊክስ ድራይቨር (ምስል የሚስለውን ቺፕ በሚያሠራው ሶፍትዌር) ክፍተት ገብቶ ስልክን ሙሉ በሙሉ ሊቆጣጠር እንደሚችል አነበብኩ። በዚህ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ጓደኞቼ ግን ‹እዚህ አገር ማን ይቀጥርሃል?› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ጓደኞችህ ግማሹን ልክ ናቸው። የድራይቨር ክፍተት ብቻ እየፈለግህ ደመወዝ የምትበላበት ቦታ እዚህ ማግኘት ከባድ ነው። ባንኮች የሚፈልጉት ኔትወርክ የሚጠብቅና ሎግ (የሲስተሙን የእንቅስቃሴ መዝገብ) የሚከታተል ሰው ነው። እንጀራህን ከዚያ ጀምር፤ ማታ ማታ ደግሞ የልብህን ሥራ።

ሦስተኛ ሰርተፍኬት ግን ይቅርብህ። ሲ ቋንቋ ተማር፤ ፓይተን ሚሞሪውን ራሱ ስለሚያስተዳድርልህ ድራይቨር ላይ የሚገኘውን የሚሞሪ አያያዝ ስህተት አያሳይህም።

ከዚያ አንድ ክፍተት ያዝና እስኪገባህ አትልቀቀው። እኔ ብሆን ሲቪኢ-2022-38181 የሚል መለያ ቁጥር የተሰጠውን እመርጣለሁ። የቺፕ ንድፍ አውጪው ኩባንያ አርም ማሊ ለሚባለው የግራፊክስ ቺፕ በሠራው ድራይቨር ላይ የተገኘ ነው። አፑ ከድራይቨሩ ሚሞሪ ይወስድና «ቦታ ሲጠብ መልሳችሁ ውሰዱት» ይላል። ስልኩ ሚሞሪ ሲያጥረው ከርነሉ (የስልኩ ሲስተም እምብርት) ይወስደዋል። ድራይቨሩ ግን የድሮውን አድራሻ እንደያዘ ይቀራል። ቦታው ለሌላ ሥራ ከተሰጠ በኋላም በዚያው አድራሻ ይጠቀማል። አጥቂው የሚሾልከው እዚህ ጋ ነው። አፖች ስክሪን ላይ ለመሳል ድራይቨሩን ማግኘት ስላለባቸው ደግሞ በሩን ዘግቶ መገላገል አይቻልም። የማሊ የከርነል ክፍል ኮዱ ክፍት ነው። የታረመውን የድራይቨሩን እትም አር40ፒ0 ከቀድሞው እትም ጋር ጎን ለጎን አንብብ።

የሪፖርቱንም ታሪክ አትዝለል። የኮድ ማጋሪያው ድረ ገጽ የጊትሃብ ተመራማሪ የሆነው ማን ዩ ሞ (Man Yue Mo) ክፍተቱን በጁላይ 2022 (እ.ኤ.አ.) ለአንድሮይድ የደኅንነት ቡድን አሳወቀ። ቡድኑ የአንድሮይድ ሳይሆን የመሣሪያው ጉዳይ ነው ብሎ ወደ አርም መራው። አርም በኦክቶበር አረመው፤ ፒክስል በሚባሉት የጉግል ስልኮች ላይ የደረሰው ግን በጃንዋሪ 2023 ነው። መድኃኒቱ ወጥቶ ስልኩ ለሦስት ወር ያህል ክፍት! ባንክ ቤትም አንዱ ራስ ምታት ይኸው የአፕዴት መዘግየት ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ጉዳይ ከነቀኑ አፍታትተህ ካስረዳህ፣ ሰርተፍኬት ከደረደረው ተወዳዳሪ ትለያለህ ባይ ነኝ።

የምትሞክረው በራስህ አሮጌ ስልክ ብቻ ይሁን። ያለፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ «ለመማር ነው» ማለት አያድንህም።