ከዞኮሎው ሥር የተሰነጠቀው ቦያካ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ሳሎኑን ሴራሚክ አስነጠፍን፤ የግድግዳውን እግር ዙሪያ የሚሸፍነው ዞኮሎ ኤምዲኤፍ፣ ማለትም የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው። ወለሉና ዞኮሎው የሚገናኙበት ክፍተት አንዳንዱ ቦታ ሳንቲም አያስገባም፣ አንዳንዱ ቦታ ትንሿን ጣት ያስገባል። ሠራተኛው በሴራሚኮች መካከል በሚሞላው የነጭ ሲሚንቶ ቦያካ ደፈነው። ሦስት ወር ሳይሞላው ተሰነጣጠቀ፤ በጠረግሁ ቁጥር ፍርፋሪው ይወጣል። ባለቤቴ «እንደገና በቦያካ ይደፈን» ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ባለቤትዎ ቅር አይበላቸውና እኔ አልደፍነውም። ሴራሚክ በማንጠፍ ሠላሳ ዓመት ቆይቻለሁ፤ በጀማሪነቴ ይህንኑ ስህተት ሠርቼ በገዛ ኪሴ ያስተካከልኩት ቤት አለ። ወለል በሙቀት ይለጠጣል፣ ግድግዳውም በራሱ መንገድ ይንቀሳቀሳል። ለዚህ ነው ዙሪያውን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍት የምንተወው። ቦያካ ደግሞ መለጠጥ የሚባል ነገር አያውቅም። የባሰውም አለ፦ ያን የጀማሪነቴን ሥራ ሴራሚኩን ከግድግዳው አጣብቄ በሲሚንቶ ዘግቼው ነበር። አንድ ቀትር ላይ የሳሎኑ መሃል እንደ ድንኳን ብድግ አለ። የቤቱ እመቤት ድምፁን ሰምተው ጥይት የተተኮሰ መስሏቸው ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ።

አስቀድመው የዞኮሎውን ታችኛ ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ። ውሃ እንደነካው ዳቦ ካበጠ የመወልወያውን ውሃ ጠጥቷልና ምንም ነገር አያድነውም። ከወለሉ ሴራሚክ ተርፎ ከሆነ ዞኮሎ ያስቆርጡበት፤ የፋብሪካው ጠርዝ ወደ ላይ፣ የተቆረጠው ወደ ታች ይሁን።

ደህና ከሆነ መፍትሔው እንደ ጎማ የሚለጠጠው ማሸጊያ፣ ሲሊኮን ነው። ቦያካውን በአሮጌ ቢላዋ ፍቀው ያውጡ፣ አቧራውን በብሩሽ ይጥረጉ፣ በወለወሉበት ቀን ግን አይጀምሩ። እርጥብ ላይ አይያዝም። ትንሿን ጣት በሚያስገባው ቦታ መጀመሪያ ቀጭን ስፖንጅ ይጠቅጥቁ፤ ሲሊኮኑ ወደ ውስጥ እየሰመጠ አያልቅብዎትም። ወለሉንም ዞኮሎውንም በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ከዚያ ሳያቋርጡ ስበው ይሙሉ፣ ሳሙናማ ውሃ በነካ ጣት አንዴ ብቻ ያስተካክሉ። ሁለቴ ሦስቴ የሚነካካ ሰው ያበላሸዋል። ፕላስተሩን ሳይደርቅ ይላጡ፣ 24 ሰዓት ውሃ አያስነኩት።

ቀለሙን ነጭ አይምረጡ፤ መወልወያ በወር ውስጥ ያጠቁረዋል። በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን የቦያካ ቀለም የሚመስል ይፈልጉ። ዞኮሎውን ቀለም የሚቀቡት ከሆነ አስቀድመው ይቀቡት፣ ሲሊኮን ላይ ቀለም አይያዝም። በዞኮሎውና በግድግዳው መካከል ላለው የላይኛው ስንጥቅ ግን ቀለም የሚቀበለውን አክሪሊክ ማሸጊያ ይጠቀሙ።

300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ቱቦ 5 በ5 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍተት 12 ሜትር ያህል ይሞላል። የሳሎኑን ዙሪያ ይለኩ፣ የበሩን ቦታ ይቀንሱ፣ ከዚያ ወደ ሱቅ ይሂዱ።