አንደበቱ በመንዙማ ይፈታል፣ በክፍል ውስጥ ይያዛል

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ይንተባተባል። ከጓደኞቹ ጋር መንዙማ ሲል ምንም አይዘውም፤ መምህሩ ስሙን ሲጠይቀው ግን «ሙ… ሙ…» እያለ ሲቀር ክፍሉ በሙሉ ይስቅበታል። ጎረቤቶቼ «ደንግጦ ነው» ይሉኛል። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከደሴ ሸዋ በር

መልስ፦ የተከበሩ እህታችን፣ መንተባተብ በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚጀምር፣ በቤተሰብ የመተላለፍ ዝንባሌ ያለውና አንጎል ንግግርን ከሚያቀናጅበት መንገድ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ድንጋጤን ወይም የእርስዎን አስተዳደግ ተጠያቂ ማድረግ አያስኬድም። በዜማ ወይም ከሌሎች ጋር በአንድ ድምፅ ሲባል አንደበት መፈታቱ በብዙዎች ላይ የሚታይ ስለሆነ፣ «ሲፈልግ ይችላል» የሚሉትን (እንዲህ የሚሉ መቼም አይጠፉም) አይስሟቸው። «ቀስ በል» የሚለው ምክርም በቅንነት ቢሰጥም ልጁን ይበልጥ ያስጨንቀዋል፤ ቃሉን ሳይጨርሱለት ፊቱን እያዩ ይጠብቁት።

መምህሩን ለብቻው ያነጋግሩት። ስም ሲጠራ እጅ በማንሳት መመለስ፣ ንባቡንም ከአንድ ጓደኛው ጋር አብሮ ማንበብ ይቻላል፤ ይህን ሁሉ ግን አስቀድመው ከልጁ ጋር ይማከሩበት። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች በአገራችን ጥቂት ስለሆኑ፣ በአቅራቢያዎ ካለ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሄደው የት ሊላክ እንደሚችል ይጠይቁ።