«ጓደኛውን ገነት አትገቢም አላት»፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። የምንኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። እኛ ክርስቲያን ነን፣ ጎረቤቶቻችን ሙስሊም ናቸው፤ ልጆቻችን አንድ ግቢ ውስጥ አብረው ነው ያደጉት። ባለፈው ሳምንት ልጄ የጎረቤቴን ልጅ «አንቺ ገነት አትገቢም፣ ከእንግዲህ እናንተ ቤት አልበላም» አላት። ልጅቷ እያለቀሰች ገባች። እናቷ ለእኔ ምንም አላለችኝም፣ ግን ቡና ላይ ዝም ብላለች። ባለቤቴ «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሃይማኖቱን እንዲወድ እንጂ ሰው እንዲንቅ አይደለም የማሳድገው። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ልጅሽ ሊረሳው ይችላል፣ ልጅቷ ግን አትረሳውም፤ ስለዚህ በባለቤትሽ ሐሳብ አልስማማም። ጎረቤትሽ ቡና ላይ ዝም ያለችው አንቺ ምን እንደምትዪ እየጠበቀች ነው። ዛሬውኑ ሂጂ፣ ብቻሽን። «ልጄ የተናገረውን ሰምቻለሁ፣ አዝኛለሁ፣ ከእኛ ቤት የተማረው አይደለም» በያት። ልጁን እየጎተትሽ ወስደሽ በሰው ፊት «ይቅርታ በል» ማለት አያስፈልግም። እሱ የሚማርበት ሌላ መንገድ አለ።

ከዚያ ልጅሽን አስቀምጪውና ከየት እንደሰማው ጠይቂው። ሳትቆጪ። ትልልቅ ልጆች ነግረውት ይሆናል፣ ስልክ ላይ አይቶት ይሆናል፣ ከምታከብሩት ትልቅ ሰው ሰምቶትም ይሆናል። መጀመሪያ ከጮህሽበት ምንጩን ይደብቅሻል፤ ምንጩን ካላወቅሽ ደግሞ ነገ ሌላ ነገር ይዞልሽ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ልጁ ሁለት ነገር ነው የቀላቀለው። የሙስሊም ሥጋ አለመብላት ሥርዓት ነው፤ ሙስሊሙም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፣ ማንም በዚህ አይቀየምም። «ገነት አትገቢም» ማለት ግን በሰው ላይ መፍረድ ነው። የወሎ ሰው ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል። ሠርግ ሲደገስ ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ ከብት ይለያል፤ የሚያርደው ሙስሊም ነው፣ ወጡን የሚሠሩት ሙስሊም ጎረቤቶች ናቸው፣ ድስቱና ጭልፋው ሳይቀር የራሳቸው ነው። ሙስሊሙ ሲደግስም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? እንግዳው ሃይማኖቱን ሳይነካ ጠግቦ፣ ተከብሮ እንዲሄድ ነው። ልጅሽ እስካሁን ያየው «አይበላም» የሚለውን ብቻ ነው። ከጀርባው ያለውን ክብር አሳዪው። ቀጣዩ ድግስ ላይ ይዘሽው ሂጂና ሁለቱን ዳስ፣ ሁለቱን ድስት አሳዪው፤ ለምን እንደሆነም እዚያው ንገሪው። ደግሞ ሥጋውን አንበላም እንጂ እነሱ ቤት ዳቦ፣ ቆሎ፣ ንፍሮ እንደምትበሉ፣ ቡናውን እስከ በረካ ድረስ አብራችሁ እንደምትጠጡ አስታውሺው።

ስለ ገነት ሲጠይቅሽ አትሽሺ። የስምንት የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሰማውን ሕግ ቃል በቃል ነው የሚይዘው፤ «ዝም በል፣ ይህ አይጠየቅም» ካልሽው መልሱን ከሌላ ሰው ያገኘዋል። እኔ ብሆን እንዲህ እለዋለሁ፦ «ማን ገነት እንደሚገባ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። እኔና አንተ የምናውቀው ጓደኛህ ጥሩ ልጅ መሆኗን ነው፤ አንተም ያስለቀስካት መሆኑን ነው።» ይህ እምነቱን አያላላበትም። ከዚህ በላይ ከጠየቀና መልሱ ካቃተሽ የንስሐ አባታችሁን አብራችሁ ጠይቁ። ቀድመሽ ግን እሳቸውን ለብቻ አናግሪያቸው፣ ነገሩ ከምን እንደተነሳ ይወቁት።

ይቅርታውን በእጁ ይሥራው። ለበዓል ዳቦ ስትልኪ ተሸካሚው እሱ ይሁን። ረመዳን ሲመጣ ልጅቷ እየጾመች ከሆነ ፊቷ ላይ እንዳይበላ ንገሪው፤ እሷም በዐቢይ ጾም እንደዚያው ታደርግለታለች። ቅሬያችሁ፣ ማለትም እድራችሁ፣ የጋራ ከሆነ፣ ብዙ ቦታ የጋራ ነውና፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል አባቱ ይዞት ይሂድ። ማን ከማን ጋር ካስማ እንደሚይዝ፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ በዓይኑ ይየው። የ2014ቱንም የጦርነት ጊዜ ንገሩት፤ ያኔ ተፈናቃዩ የደሴ ትምህርት ቤቶችን ሲሞላ፣ ከየቤቱ እንጀራ ሲወጣ፣ የተራበውን «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እሱ ገና ሕፃን ነበር፣ ካልነገራችሁት አያውቀውም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፣ አንደኛ ደረጃ። ርእሰ መምህራችን የውጭ አገር መመሪያ አምጥቶ «የልጆቹን መንፈሳዊ፣ ግብረገባዊ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ እድገት በየትምህርቱ አስገቡ» አለን። ግብረገብ ትምህርትስ አለን። «መንፈሳዊ» የሚለው ግን አስፈርቶኛል፤ ክፍሌ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት አለ። ሕግ አይጻረርም?
መምህርት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ይናገራል፤ ልጅን በሃይማኖቱ ኮትኩቶ ማሳደግ በአንቀጽ 27 የወላጅ መብት ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ጸሎት አታስመሪ፣ ዱዓም አታስደርጊ። አራቱን ነገሮች አንድ ላይ የሚያስቀምጡት እንግሊዞች ናቸው፤ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪያቸው ኦፍስቴድ ትምህርት ቤቶችን ሲገመግም ይመለከታቸዋል። እነሱም ቢሆኑ «መንፈሳዊ» ሲሉ ማስተዋልን፣ መደነቅን፣ ስለ ራስና ስለ ዓለም ማሰብን፣ የሌላውን እምነት ማክበርንም ይጨምራሉ። ይህን ማንም አይከለክልሽም። ልጆቹን ቦርከና ወንዝ ዳር ውሰጃቸውና አሥር ደቂቃ ሳይነጋገሩ ያዳምጡ፣ ይመልከቱ። ከዚያ «ምን ደስ አላችሁ? ምን አሳዘናችሁ?» በያቸው። ስለ ውኃው ውበት የሚያወራ ይኖራል፣ ስለተጣለው ፕላስቲክ የሚያወራም ይኖራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ባህሉን ሩቅ አትፈልጊው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚህ አካባቢ ነው፤ ባቲ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፣ አምባሰል ከደሴ በላይ። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ከሰፈሩ ጋብዢና ሁለቱን እያፈራረቀ ያሰማቸው፤ ልጆች ልዩነቱን ቶሎ ይይዛሉ። እንቆቅልሽም አለልሽ። «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ»፣ መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ»። አገር ተቀባዩ ተሸናፊውን እያሳቀ ይሰድበዋል፣ ተሸናፊውም ተራው እስኪደርስ ችሎ ይቀመጣል። መሸነፍን መቻል፣ ተራ መጠበቅ፣ ቀልድና ስድብን መለየት፣ ማኅበራዊ የሚሉት ይህ ነው። ኦሮምኛና አርጎብኛ የሚናገሩ አያት ያላቸው ልጆች ካሉሽ የአያታቸውን እንቆቅልሽ ይዘው ይምጡ፣ አንቺም ተሸንፈሽ አገር ስጪ። በነገራችን ላይ ረመዳን ውስጥ የስፖርት ክፍለ ጊዜሽን ወደ ጠዋት አምጪው። ለሚጾሙት ልጆች ከብዙ ንግግር ይህ ይበልጥላቸዋል።

ጥያቄ፦ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ፈረቃ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ የክፍል ጓደኞቹን እርሳስና ላጲስ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ መምጣት ጀምሯል። ስጠይቀው «ሰጡኝ» ይላል። ገረፍኩት፣ አልተወም። ሌባ ሊሆንብኝ ነው?
አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። አለንጋውን ግን ተው፣ ውሸቱን እንዲያሳምር ነው የሚያስተምረው። ዣን ፒያዤ የሚባለው የስዊዘርላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት ልጆችን እንዲህ ጠይቆ ነበር፦ ሳያውቅ 15 ስኒ የሰበረና ማርማላታ ሊሰርቅ ሲንጠራራ አንድ ስኒ የሰበረ፣ ከሁለቱ ማን ይበልጥ ባለጌ ነው? ትንንሾቹ ባለ 15ቱን አሉ። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚያየው የጉዳቱን ብዛት ነው፤ አንድ እርሳስ ለእሱ ምንም ናት። ስለዚህ «ስርቆት ኃጢአት ነው» ብቻ ብለህ አትለፈው። «ያ ልጅ እርሳሱን ሲያጣ በምን ጻፈ? አስተማሪው ምን አለው?» ብለህ ጠይቀው፣ መልሱን እሱ ይፈልገው።

«ሌባ» የሚለውን ቃል ከቤታችሁ አውጣው። ስልክ ሲጠራ «አባቴ የለም በል» የምትለው ከሆነም እሱንም አቁም፣ ውሸትን ከዚያ ነው የሚለምዱት። የሌሊት ፈረቃ ስትወጣ በዚያው በትምህርት ቤቱ በኩል እለፍና አስተማሪውን ለብቻ አናግር፤ ሰልፍ ላይ እንዳይጠሩት፣ በልጆች ፊት ቦርሳው እንዳይፈተሽ አደራ በል። ልጁ ራሱ ይመልስ፣ አንተ በር ላይ ጠብቀው። መልሶ ሲወጣ እጁን ይዘኸው ወደ ቤት ሂድና የራሱን እርሳስና ላጲስ ግዛለት፤ ምናልባት የጎደለው እሱ ነበር።