ዓይናችሁ ገና ከመብራቱ አልወጣም

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በዓይን ሕክምና ሠርቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ በሽታ ሳይሆን ጤነኛ ዓይን እያላችሁ ስለሚያመልጣችሁ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ማታ ከቤት ወጥታችሁ፣ ቀና ብላችሁ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ይህን ያህል የሚታይ ነገር የለም» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ሰማዩ ባዶ ሆኖ አይደለም። ዓይናችሁ ገና ከመብራቱ ስላልወጣ ነው።

ወደ ጨለማ ስትወጡ የዓይናችሁ ብሌን ቶሎ ይሰፋል፤ ዋናው ሥራ ግን ከኋላ፣ ብርሃን በሚቀበለው የዓይን ሽፋን፣ ሬቲናው ላይ ነው። እዚያ ደብዛዛ ብርሃን የሚቀበሉ ዘንግ መሰል ሕዋሳት አሉ። በውስጣቸው ያለው ሮዶፕሲን የተባለ ንጥረ ነገር በብርሃን ይፈርሳል፣ በጨለማ ተመልሶ ይገነባል። ለዚህ ግንባታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስፈልጋል። ሲጠናቀቅ ከእነዚህ ሕዋሳት አንዱ አንዲት የብርሃን ቅንጣት ብቻ ብትደርሰው እንኳ ይሰማዋል። ይህን ከተማርሁበት ቀን ጀምሮ መደነቄ አልቀነሰም። መሃል ላይ ስልካችሁን ከፍታችሁ ካያችሁ ግን ከተገነባው ብዙው ይፈርሳል። ስለዚህ ስልኩን ቤት ተዉት። መብራት የግድ ካስፈለጋችሁ ደብዛዛ ቀይ ይሁን፤ እነዚያ ሕዋሳት ቀይ ብርሃን እምብዛም አይረብሻቸውም።

ሌላም አለ። በሬቲናው መሃል፣ ፊት ለፊት በምናይበት ነጥብ ላይ፣ ዘንግ መሰል ሕዋስ የለም። ስለዚህ ደብዛዛ ነገር ስታፈጡበት ይጠፋል፣ ወደ ጎኑ ጥቂት ዞር ብላችሁ ስታዩ ይመጣል። አንድሮሜዳ የተባለውን ጋላክሲ፣ ማለትም እጅግ ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ፣ የምትይዙት እንዲህ ነው። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከከተማ መብራት ርቃችሁ ስትፈልጉት እንደ ስስ ጭስ ሆኖ ይታያል። ብርሃኑ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየበረረ ወደ እኛ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ያን ሁሉ ዘመን ተጉዞ የሚያርፈው በእናንተ ሬቲና ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ፊታችሁን ብታዞሩ መሬት ላይ ያርፍ ነበር።

ቴሌስኮፕ ለመግዛት አትቸኩሉ። በፎቶግራፍ የምታዩት ደማቅ ቀለም ካሜራ ለረጅም ጊዜ ብርሃን አጠራቅሞ ያወጣው ነው፤ በዓይን ሲታይ አብዛኛው ግራጫ ነው። ይህን ሳያውቁ የገዙ ሰዎች ቅር ተሰኝተው መሣሪያውን ጥግ ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ለመጀመሪያ 7 በ50 የሚባለው ባይኖኩላር፣ ማለትም 7 ጊዜ የሚያጎላና የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የሁለት ዓይን መነጽር፣ ይበቃል። ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉት ዘለላ በእርሱ ሲታዩ ብዙ ደርዘን ይሆናሉ። ግድግዳ ተደግፋችሁ እጃችሁን ካጸናችሁ ደግሞ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸውን የጁፒተር ጨረቃዎች ታያላችሁ።

7 በ50 ያልሁት በምክንያት ነው። ከመሣሪያው ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የወጣት ብሌንም በጨለማ እስከዚያ ድረስ ሊሰፋ ይችላል። በእኔ ዕድሜ 5 ሚሊ ሜትር ከሞላ መልካም ነው። የዓይናችን ሌንስም ከዓመት ዓመት ቢጫ እየሆነ ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀራል። ለከዋክብት የተመቸው ዓይን ዛሬ የእናንተ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

እኔ የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፤ የደፈረሰው የዓይኔ ሌንስ ወጥቶ በጠራ ሰው ሠራሽ ሌንስ ተተክቷል። ካገገምሁ በኋላ አንድ ሌሊት ወጣሁና ግማሽ ሰዓቱን በትዕግሥት ጠበቅሁ። ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ ከፍ ብሎ ነበር። በአንድ ወገን ቤተልጌዝ የተባለው ኮከብ እንደ ፍም ቀልቷል፤ የገጹ ሙቀት 3,500 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ከከዋክብት መካከል ቀዝቃዛ የሚባል ነው። በሌላው ወገን ከእርሱ ከሦስት እጥፍ በላይ የሚግለው ሪጌል አለ። ለዓመታት የደበዘዘ ነጭ ሆኖ ሲታየኝ የኖረው ያ ኮከብ ሰማያዊ ነበር። ሌሊቱ ቢገፋም ባለቤቴን ቀስቅሼ አሳየኋት።