ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና ካስቀነስሁ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ የክብደት ውድድር ብገባ ማጭበርበር ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ43 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲሆን በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ከሁለት ወር በፊት ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ መቀነሻ ቀዶ ሕክምና አድርጌያለሁ። ከባለቤቴና ከእህቴ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። በሥራ ቦታችን በየዓመቱ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ የክብደት መቀነስ ውድድር አለ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ 20 ዶላር ያዋጣል፤ በ12 ሳምንት ውስጥ ከክብደቱ በመቶኛ ሲሰላ ብዙ የቀነሰው ሰው ገንዘቡን ይወስዳል። አንዲት ሐበሻ ባልደረባዬ “እየቀነስሽ ነው፤ ዘንድሮ የአንቺ ነው” ብላ ልታስመዘግበኝ ነው። አልገባም ብል ምክንያቴን መጠየቃቸው አይቀርም፤ ብገባ ደግሞ የሰው ገንዘብ አታልዬ የወሰድሁ ይመስለኛል። በቀዶ ሕክምና መቀነስ አቋራጭ ነው ሲባልም እሰማለሁና ያሳፍረኛል። የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ፤ ዐቢይ ጾምም እየመጣ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩ መልሴ ዘንድሮ አይግቡ የሚል ነው። አንዱ ምክንያቴ የባልደረቦችዎ 20 ዶላር ነው፤ ሌላውና እጅግ የሚበልጥብኝ የእርስዎ ጤና ነው። ወደ ሁለቱም ከመሄዴ በፊት ግን “አቋራጭ” የሚለውን ቃል ከልብዎ ላወጣው እፈልጋለሁ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ በላይ የከነከነኝ እሱ ነው።

ከልክ ያለፈ ውፍረት ሕመም ነው። ሰው ምግቡን ቀንሶ ክብደቱ ሲወርድ ሰውነቱ ዝም ብሎ አያይም። ረሃቡን ያብሳል፤ የሚያቃጥለውንም ካሎሪ ይቆጥባል። በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚተላለፍ ስመ ጥር የክብደት መቀነስ ውድድር ነበር። የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ የዚያን ውድድር 14 ተሳታፊዎች ከ6 ዓመት በኋላ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል። ከአንዱ በቀር ሁሉም ክብደት መልሰው ጨምረው ነበር፤ ከመጀመሪያው በላይ የከበዱም ነበሩባቸው። ሰውነታቸው በእረፍት ላይ ሳለ በቀን የሚያቃጥለው ካሎሪ ከሚጠበቀው በ500 ገደማ አንሶ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ለወራት ላባቸውን ያፈሰሱ ናቸው።

ስሊቭ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ያስወግዳል። ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ነው። ስለዚህ የሚጠበው ጨጓራ ብቻ አይደለም፤ ያ ፋታ የማይሰጠው ረሃብም ይቀንሳል። የዓይን ሞራውን ያስገፈፈውን ሰው “በአቋራጭ አየህ” የሚለው የለም። እርስዎም ለታወቀ ሕመም የታወቀ ሕክምና አግኝተዋል፤ የሚያፍሩበት ነገር የለም።

ታዲያ ሕክምና ከሆነ ለምን አይወዳደሩም? ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች፣ በወረቀት ባይጻፍም፣ የተስማሙት ሁሉም በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ሊሞክር ነው። በዚህ መንገድ በ6 ወር ውስጥ ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያወረደ ሰው ሐኪሙን ያስደስታል። ስሊቭ ያደረገ ሰው ግን በዓመቱ በአማካይ ወደ 25 በመቶ ይጠጋል፤ አብዛኛው የሚወርደውም በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው። የውድድሩ 12 ሳምንታት የሚያርፉት በዚሁ ፈጣን ጊዜ መካከል ነው። ባልደረቦችዎ ይህን ቢያውቁ ኖሮ 20 ዶላራቸውን አያስይዙም ነበር። ሕሊናዎ የነገረዎት ልክ ነው፤ ሆኖም ጥፋቱ ያለው ሳይነግሩ ገንዘብ መወራረዱ ላይ እንጂ ቀዶ ሕክምናው ላይ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ውድድሩ ያለ እርስዎም ሚዛናዊ አይደለም። በዚያው ዝርዝር ውስጥ በሳምንት አንዴ የሚወሰደውን የክብደት መቀነሻ መርፌ የሚወጋ ሰው ሊኖር ይችላል፤ የዚህ ዓይነት መርፌ የሆነው ሴማግሉታይድ በጥናት ላይ በ68 ሳምንት ክብደትን በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከወንዶች ጋር የምትወዳደር፣ ማረጥ የጀመረች ሴት ደግሞ ገና ከመነሻው ወደ ኋላ ቀርታለች። በእኔ እምነት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ሚዛን ላይ አውጥተው ማወዳደራቸውን ቢተዉ ይሻላል። ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት ከ5 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ግን ስለ ፍትሐዊነቱ ሌላ መልስ እሰጥዎት ነበር። በዚያን ጊዜ ፈጣኑ ቅነሳ አልፎ ክብደቱ ይረጋል፤ ብዙ ሰውም ጥቂት ኪሎ መልሶ ይጨምራልና እንደ ማንም ሰው በራሱ ጥረት ነው የሚወዳደረው።

አሁን ወደ ጤናዎ ልመለስ። በእንዲህ ያሉ ውድድሮች ሰዎች ሚዛን ከመውጣታቸው አንድ ቀን በፊት ውኃ መጠጣት ያቆማሉ፤ ሳውና ይገባሉ፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚውጡም አሉ። ጤነኛ ጨጓራ ያለው ሰው ከሚዛን ወርዶ አንድ ሊትር ውኃ ቢጠጣ ይተካል። የእርስዎ ጨጓራ ግን በዚህ ጊዜ የሚይዘው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ነው። ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ 1.5 ሊትር ማድረስ ራሱ ሥራ ነው፤ ያመለጠዎትን ውኃ በአንድ ጊዜ መመለስ አይችሉም። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሰዎችን ወደ ድንገተኛ ክፍል ከሚመልሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የፈሳሽ እጥረት ነው። በዚያ ላይ የደም ግፊት ክኒን ይወስዳሉ። ክኒኑ ውኃ በሽንት የሚያስወጣ ዓይነት ከሆነ ኩላሊትዎ ሊጎዳ፣ ሲነሱም ሊያዞርዎት ይችላል። ክብደት ሲወርድ ግፊቱም ስለሚወርድ መጠኑ መስተካከል እንዳለበት አሁኑኑ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡት።

ሌላው የሐሞት ጠጠር ነው። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ጉበት ወደ ሐሞት የሚያፈስሰው ኮሌስትሮል ይበዛል፤ የሐሞት ከረጢትም ምግብ ሲያንስ በሚገባ አይጨመቅም፤ ጠጠር የሚሠራው ያኔ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሐኪሞች ጠጠር እንዳይሠራ የሚከላከለውን ኡርሶዲዮል የተባለ መድኃኒት ለ6 ወር ያህል የሚያዝዙት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሚዛኑ ለሳምንታት ቀጥ የሚልበት ጊዜም አለ። ይህ የተለመደ ነገር ነው፤ ታግሦ ሲጠብቁት ያልፋል። ውድድር ውስጥ ያለ ሰው ግን ይደነግጥና ከዚያችው ትንሽ ምግቡ ላይ ይቀንሳል። ያኔ የሚወርደው ስብ ብቻ አይሆንም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፣ ፀጉርም ይረግፋል። እርስዎ አረጋውያንን የሚያነሡትና የሚያገላብጡት በዚሁ ጡንቻ ነው።

ስለ ጾሙ ልጨምር። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልግዎ ፕሮቲን በቀን ቢያንስ 60 ግራም ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ይሰጣል፤ እርስዎ በአንድ ማዕድ የሚችሉት ግማሽ ኩባያ ቢሆን ነው። እንግዲህ ያሰሉት፤ በምስርና በሽሮ ብቻ አይሞላም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብና ውኃ ሳይቀምሱ መቆየትማ በጭራሽ አይሆንም። የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምታደርገው አስተያየት አለ፣ እርስዎም ከሆድ ቀዶ ሕክምና በማገገም ላይ ነዎት። ከእንስሳት ተዋጽኦ መታቀብ ከፈለጉ ከአኩሪ አተር የተዘጋጀ የፕሮቲን ዱቄት አለ፤ መጠኑን ከሥነ ምግብ ባለሙያዎ ጋር ይወስኑ። ቪታሚኖችዎን ግን አንድ ቀን እንኳ አያጓድሉ።

ለባልደረቦችዎ የሚሉትን በተመለከተ፣ ስለ ቀዶ ሕክምናዎ ለማንም የመናገር ግዴታ የለብዎትም። በአሜሪካ ሕግ አሠሪው በጤና ፕሮግራም በኩል ያገኘውን የሠራተኛ የሕክምና መረጃ በምስጢር መያዝ አለበት፤ ባልንጀራ ለባልንጀራ የሚያወራውን ግን ሕግ አይከለክለውምና ለማን እንደሚነግሩ ይምረጡ። ለዚያች ባልደረባዎ “የምወስደው መድኃኒት አለ፤ ዘንድሮ ክብደት እንዳልወዳደር ሐኪም ከልክሎኛል” ይበሏት። ውሸት የለበትም፤ ክኒኑን ይወስዳሉ፣ እኔም ከልክዬዎታለሁ። ከሰው መለየቱ ከከበደዎት በምሳ ሰዓት አብረዋቸው ይራመዱ፤ ለእርስዎም ከሚዛኑ ይልቅ እሱ ይጠቅምዎታል።

አሁን ሁለት ወር ስለሆነዎት የ3 ወሩ የደም ምርመራ ደርሷል ማለት ነው። ቀጠሮውን ካልያዙ ይያዙ፤ ብረት፣ ቢ12፣ ፎሌትና ቪታሚን ዲ እንዲታዩልዎ ይጠይቁ። ከምግብ በኋላ በቀኝ ጎድንዎ ሥር የሚይዝ ሕመም ካለ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ። የሚያስመልስዎ ከሆነና ትውከቱ ከአንድ ቀን በላይ ካላቆመም ይደውሉ፤ ሰውነት የሚያከማቸው ቪታሚን ቢ1 በምግብ ካልተተካ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ብቻ ነው የሚቆየው። የዚህ ቪታሚን እጥረት ምልክት የሆነው፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄደው ስሊቭ እንዳደረጉ አስቀድመው ይንገሯቸው።